ድምፅ የማያሳልፍ ግድግዳ

ርዕሰ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ደወል» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከጦርነቱ በፊት፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰንጥቆ ድምፁ የድስት ክዳን ድምፅ በሆነበት ጊዜ ነው። አዲስ ለመግዛት ማንም አልተጣደፈም፤ ርዕሰ መምህርቷ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ «ወደ ክፍል!» ካለች ሜዳው ዳር ኳስ የሚያሳድደውም፣ አጥር ሥር የተደበቀውም፣ መንገድ ተሻግሮ ሱቅ በር ላይ የተገተረውም እኩል ይሰማታል። በዚያ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ናት። እሷ አልጀብራ ስታስተምር፣ ጎረቤት ክፍል ታሪክ የሚማሩት ልጆች ሳይወዱ በግድ አልጀብራ ይማራሉ እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ቅጽል ስሙን እንዳልሰማች ትሆናለች እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆዷ ይወደው ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተሰደደ። ትምህርት ቤት ደግሞ ይሰደዳል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይሰደዳል። ሰሌዳውን ጭነት መኪና ላይ ወርውሮ፣ አስተማሪውን ከሹፌሩ ጎን አጣብቆ፣ ተማሪውን ከነቤተሰቡ በእግር አስከትሎ ይሰደዳል። ያረፉት ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ፣ አንድ ሰፊ መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ግማሽ ቀድሞ ክሊኒክ ሆኗል፤ ቁስለኛውም በሽተኛውም መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቶበታል። ቀሪው ግማሽ ለእነሱ ተሰጠ። በእነሱና በሕሙማኑ መካከል ያለው አንድ ሸራ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ከአሥረኛ፣ አሥረኛን ከአሥራ አንደኛ የሚለየውም ያው ሸራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደወል ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ባለፈው የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ብላ በለመደችው ድምፅ ጀመረች። ከሸራው ወዲያ አንድ ሰው አቃሰተ። ወዲያው ሸራው ከሥሩ ተገለጠና የአንዲት ነርስ ፊት ብቅ አለ።

«እህቴ፣ በናትሽ» አለቻት ነርሷ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ «ስንት ተሠቃይቶ አሁን ገና ነው ሸለብ ያደረገው።»

ደወል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፅዋን ጣለችው፤ ትምህርት ቤቱም አብሯት ጣለው። አስተማሪዎቹ በሹክሹክታ ማስተማር ጀመሩ። ልጆቹ ወንበራቸውን እየሳቡ ሰሌዳው ሥር ይሰበሰባሉ፤ መልስ የሚሰጡት በጣታቸው ነው፤ ሳቅ ሲመጣባቸው በመዳፋቸው ውስጥ ይስቃሉ። ጫማቸው እንዳይንኳኳ በእግራቸው ጣት ይራመዳሉ። የእውነት ደወል መምታትማ የማይታሰብ ነው። በደወል ፈንታ ነርሷ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሰጠቻቸው፤ ለቀዶ ጥገና ከሚለበሰው የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የደወል ልጅ ትነሣና ጨርቁን ከሸራው በላይ አድርጋ ታውለበልባለች። ሥራው ለእሷ የተሰጠው የርዕሰ መምህርቷ ልጅ ስለሆነች አይደለም፤ ከሁሉም ረጅሟ እሷ ስለሆነች ነው። ጨርቁ ሲታይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ኮሽታ ሳያሰማ ይነሣል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ሹክሹክታው የአፍ ልማድ መሆኑ ቀርቶ ተፈጥሮ ሆነ። ወላጆች ልጆቻችን ጨዋ ሆኑልን ብለው ደስ አላቸው። ደወል ግን ልጇ እቤት ውስጥ፣ ራት ላይ፣ «ጨው አቀብይኝ» ብላ በሹክሹክታ ስትናገር በሰማች ቁጥር የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ታስቀምጥ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደወል ቀድማ ተመለሰች። ትምህርት ቤቱን ስታየው ማልቀስም አማራት፣ መሳቅም አማራት። ጣሪያው የለም። ወንበሩ ለማገዶ ሄዷል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ወድቆ ክፍሎቹ ሆድ ዕቃቸው ወጥቶ ይታያሉ። ከሁሉ የገረማት፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ወድቆ ያልተሰበረ ሰሌዳ ላይ የራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ግማሽ የደረሰ እኩልዮሽ፣ እስካሁን መኖሩ ነው። በፊቱ ተደፍቶ ስለቆየ፣ እሷ እስክታነሣው ድረስ ዝናቡ ሁሉ አላጠበውም። እጅጌዋን ሰብስባ በጣቷ ነካ አደረገችውና ወንድሟን ለመጥራት ወጣች።

ወንድሟ ግንበኛ ነው። ከእሷ ያነሰ ቢሆንም አፉ ከእሷ ይበልጣል። ቀን ከሌት የሚያፌዝ፣ ሲሠራ ግን ቀጥ ማለቱን የሚለካበትን ቱምቢ ሳያንጠለጥል አንድ ብሎኬት የማይደረድር ሰው ነው። ሠራተኞቹን ይዞ መጣና ዙሪያውን ቃኘ። አሸዋ የጫኑት መኪኖች ከዋናው በር ሲገቡ ግቢውን እንዳያቦኩት ብሎ በስተጀርባ ያለውን አጥር ሰበረው። ቦታው ድሮ «የአርፋጆች በር» የሚባለው ነበር፤ ያረፈደ ሁሉ ሹልክ የሚልበት ቀዳዳ። አሁን አውቶቡስ ያስገባል።

«የአርፋጆች በር አድጎ ተመረቀ» አለ ግንበኛው።

«ሥራው ሲያልቅ ትደፍነዋለህ» አለች ደወል።

«እሺ። አርፋጆቹ ግን ያዝናሉ።»

የተጣሉት በግድግዳው ላይ ነው። ደወል በክፍልና በክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ድርብ እንዲሆን፣ እስከ ቆርቆሮው ጫፍ እንዲደርስ፣ ከላይም ጣት የሚያሾልክ ክፍተት እንዳይቀርበት አዘዘች። ለዓመታት በአንድ ጆሮዋ ጂኦግራፊ፣ በሌላው ኬሚስትሪ፣ በልቧ ደግሞ የበሽተኛ ሲቃ እየሰማች ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ማንም እንዳይሰማት፣ ማንንም እንዳትሰማ ትፈልጋለች።

«እትዬ፣ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ባንክ ነው የምንሠራው?» አለ ወንድሟ።

«ያልኩህን ሥራ።»

«እኔ እሠራለሁ። ግን ስሚኝ፣ ይሄ ግድግዳ ድምፅ አያስወጣም፣ አያስገባም። ልጆቹ ውስጥ ቢጨፍሩ አንቺ ውጪ ቆመሽ አትሰሚም። ኋላ ጸጥ አለብኝ ብለሽ እንዳትወቅሺኝ።»

«ጸጥ ይበል! እኔ ጸጥታ ነው የምፈልገው።»

ይሄን ማለቷን በኋላ አስታወሰችው።

ሥራው እያለቀ ሳለ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወሬ መጣ፤ ወሬውም ሆድ የሚያባባ ነበር። ልጆቹ ለዓመታት ከወንዙ ማዶ ስለቆዩ፣ ብዙዎቹ እዚያው ስለለመዱ፣ ይመለሱ አይመለሱ አልታወቀም። ስለዚህ በመክፈቻው ቀን አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ያያል። ክፍሎቹ ከሞሉ ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል። ካልሞሉ ግን እዚያ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ይጠቃለላል፣ ስሙም ይቀራል፣ ሕንጻውም የእህል መጋዘን ይሆናል። ጭነት መኪኖቹ ተዘጋጅተዋል አሉ። ደወል ይሄን ስትሰማ ሳቋ መጣ፤ የምሬት ሳቅ ነው። ስንት ዓመት መጋዘንን ትምህርት ቤት አድርጋ ስትኖር ኖራ፣ አሁን ትምህርት ቤቷን መጋዘን ሊያደርጉባት ነው።

ከዚህም በላይ ያስጨነቃት የልጇ ነገር ነበር። ባሏ እዚያ ማዶ ዱቄት ፋብሪካ ሥራ ስለያዘ ልጅቷ ከእሱ ጋር ቆይታለች። ደወል በስልክ ታገኛቸዋለች፤ ስልኩ ግን ግቢው ውስጥ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሩ አጠገብ በተቆለለው አሸዋ ጫፍ ላይ። ስለዚህ ርዕሰ መምህርቷ በየምሽቱ ጫማዋን አውልቃ አሸዋ ትወጣለች። ግንበኛው «ቴሌ ተከፈተ» እያለ ይስቅባታል። ከመክፈቻው በፊት በነበረው አመሻሽ እዚያው ላይ ቆማ ልጇን አነጋገረቻት።

«ልጆቹ ምን ይላሉ?» አለቻት።

«ምን ይላሉ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ በዚያች በለመደችው ሹክሹክታ። «አንዱ እመጣለሁ ይላል፣ አንዱ አልመጣም ይላል።»

«አንቺስ?»

 «እኔ እንጃ» አለች ልጅቷ። «የወጣን ቀን ነው የሚታየኝ። እዚያ ክፍል ገብቼ የምቀመጥ አይመስለኝም። ትቆጪኛለሽ?»

 «አልቆጣሽም» አለቻት ደወል። «ልብሽ ካልፈቀደ አትምጪ። አውቶቡሱ ግን ጠዋት ይነሣል።»

አሸዋውን እየተንሸራተተች ስትወርድ፣ ልጄን እንኳ መመለስ ያቃተኝ ሰው የሰውን ልጅ እንዴት እመልሳለሁ ብላ አሰበች። ለወንድሟ አልነገረችውም። ያ ሰው ቢያዝንላትም ሳይቀልድ አያዝንም።

በመክፈቻው ቀን በማለዳ ተነሥታ የተተኮሰ ቀሚሷን ለበሰች። ዋናው በር ላይ የቆሙት ዘበኛ፣ ከጦርነቱ በፊትም እዚያው በር ላይ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ እኔ መገንጠያው ድረስ ሄጄ አውቶቡሱን እቀበላለሁ» አለቻቸው። «እርስዎ ከዚህ በር ንቅንቅ እንዳይሉ። የሚገባውን ሁሉ በዓይንዎ ይቁጠሩልኝ።»

«ዓይኔን ብነቅል!» አሉ ዘበኛው። ምን ማለታቸው እንደሆነ ባይገባትም ቁም ነገር መሆኑ ገባት።

መገንጠያው ላይ ቆመች። የመጣው አንድ እንጨት የጫነ ጋሪ ነው። ቀጥሎ አንድ ሞተር ሳይክል መጣ። ቀጥሎ ምንም አልመጣም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። አንድ አውቶቡስ ከሩቅ አቧራ ሲያስነሣ አየችና ልቧ ዘለለ፤ ቀረብ ሲል ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ሆኖ አገኘችው። ሹፌሩ እጁን አውለበለበላት። እሷም አውለበለበችለት፤ ምን ታድርግ።

ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ በሌላኛው መንገድ ደረሰ። ሄልሜት ያደረገ፣ ቀጭን፣ ፊቱ የደከመው ሰው ነው፤ ከሞተሩ ሳይወርድ ሰላም አላት።

«ዳይሬክተር፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ተማሪዎቼን እየጠበቅኩ ነው።»

መንገዱን ግራና ቀኝ አየው። ባዶ ነው።  «ይምጡ፣ ከኋላዬ ይውጡ» አላት። ርዕሰ መምህርቷ የተተኮሰ ቀሚሷን ሰብስባ በሞተር ሳይክል ላይ ወጣች። ሌላ ቀን ቢሆን ከተማው ስቆ አይበቃውም ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው እንደ ምሰሶ ቆመዋል።

«አባባ፣ ማን ገባ?» አለች ደወል ከሞተሩ ሳትወርድ።

«ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ነፍስ በዚህ በር አላለፈችም» አሉ ዘበኛው በኩራት። «እንዳልሽኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም።»

ሰማይ ተደፋባት። ቢሮዋ እዚያው በሩ አጠገብ ነው፤ ከቢሮው ፊት ለፊት የሚታየው የክፍሎቹ ጀርባ ነው። ከፍ ብለው የተሠሩት መስኮቶች፣ መስታወቱ ስላልደረሰ፣ በላሜራ ተከድነዋል። የክፍሎቹ በሮች ወደ ታችኛው ሜዳ ስለሚከፈቱ ከዚህ አይታዩም። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አዳመጠች። ትምህርት ቤት የራሱ ድምፅ አለው፤ ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ አንዱን ይጠራል፣ አንዷ ትስቃለች። አንድም አልተሰማም። የሚሰማው ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው የሚያሰማው ቋ ቋ ብቻ ነው።

አሸዋው ላይ ወጣች፤ ሱፐርቫይዘሩ እያየ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። ለአውቶቡሱ ሹፌር ደወለች፤ አያነሣም። ለባሏ ደወለች፤ ፋብሪካ ከገባ ስልክ አይዝም። የልጇን ቁጥር አወጣችና ሳትደውል ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። አልመጣሁም የሚለውን በሹክሹክታ መስማት አልቻለችም።

ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። ሱፐርቫይዘሩ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሽከረክረዋል።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ወንድሜ» አለች ደወል። «መንገድ ነው፣ አውቶቡስ ነው፣ ጎማ ይፈነዳል።»

«እኔ እስከ ማታ ብጠብቅ ደስ ይለኛል» አለ። «ጽሕፈት ቤት ያሉት ናቸው የማይጠብቁኝ። ረፋድ ላይ ደውልና ንገረን ብለዋል። እህል የጫኑት መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው የእኔን ቃል ነው የሚጠብቁት። እኔም እኮ እንዲህ ያለ ወሬ ማድረስ ሙያዬ ሆኖ አይደለም።»

ጠበቁ። የመጣ ግን የለም። በመጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ ስልኩን አወጣና «የት ነው የሚሠራው?» አለ። እሷም እጇን አንሥታ በመስኮቱ አሸዋውን አሳየችው። ሊወጣ ሲነሣ ግን አላስችል አላትና አብራው ተነሣች።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «ከመደወልዎ በፊት ክፍሎቹን ይዩልኝ። ባዶም ቢሆኑ ይዩልኝ። ግድግዳውን ይዩት። ሰዎቹ ነፍሳቸውን ሰጥተው ነው የሠሩት። እህል ከተቆለለበት በኋላ ማንም አያየውም።»

ሱፐርቫይዘሩ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተና «ይምሩኝ» አለ።

የሕንጻውን ጎን ይዘው ሲሄዱ ወንድሟ የልስን ባልዲ አንጠልጥሎ ከማዶ መጣ። ፊቱ ላይ ያ የለመደችው ፈገግታ አለ።

«እትዬ! ለግድግዳሽ ዛሬ መሰከርኩለት። እንዴት አድርጎ ይሠራል መሰለሽ! ጆሮዬን ብለጥፍበት እንኳ...»

«ተወኝ!» አለችው ቱግ ብላ። «እባክህ፣ ዛሬ አንድ ቀን ቀልድህን ተወኝ!»

ግንበኛው እንዲህ ስትቆጣ አይቷት አያውቅም። ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ከኋላቸው ተከተለ፤ አንድ ያልገባው ነገር እንዳለ ገብቶታል።

ጠርዙን ዞሩ። ረጅሙ በረንዳ ከፊታቸው ተዘረጋ። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። አዲሱ ቀለም ያበራል፤ በረንዳው ተጠርጓል፤ ሜዳው ላይ ማንም የለም። ደወል የመጀመሪያውን በር እጀታ ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ደግሞ ሰበሰበችው። ለካ ሰው ባዶ ክፍል መክፈትም ይፈራል። ሱፐርቫይዘሩ ጉሮሮውን ጠረገ። በረንዳው መጨረሻ ላይ ያለው በር በዚያን ጊዜ በቀስታ ገርበብ አለ።

ከበሩ አንድ እጅ ወጣ። እጁ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር።

ጨርቁ ሦስት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ተውለበለበ፤ ልክ መጋዘን ውስጥ ከሸራው በላይ እንደሚውለበለበው። እጅጌው ቡናማ ሹራብ ነው፤ ጫፉ ላይ በሰማያዊ ክር የተቀጠለ። ቀለሙ አልገኝ ብሏት፣ ልጅቷም በየወሩ እየረዘመች አስቸግራት፣ ያንን እጅጌ የቀጠለችው ደወል ራሷ ናት። እጀታውን ሊይዝ የነበረው እጇ ወደ አፏ ሄደ።

ሌሎቹም በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። ልጆቹ ወጡ። በእግራቸው ጣት እየረገጡ፣ አንዱ ለአንዱ ቦታ እየለቀቀ፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ወጡ። በረንዳው ሞላ። ወደ ሜዳው ፈሰሱ። መውጣታቸው አላቋረጠም፤ ወንዱ ሴቱ፣ ጺም ያበቀለው፣ ትላንት ልጅ ሆና ሄዳ ዛሬ ኮረዳ ሆና የተመለሰችው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይጫወታል፣ ድምፅ ግን የለም።

«እነዚህ... እነዚህ ከየት መጡ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ። ሳይታወቀው እሱም በሹክሹክታ ነው ያለው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወጣ። ልጆቹ ከሚያስተምረው ትምህርት ተነሥተው «ፊዚክስ» የሚሉት፣ ሰዓት ከሚያልፍበት ነፍሱ ብታልፍ የሚመርጥ ሰው ነው። ሁለቱም እጆቹ ጠመኔ በጠመኔ ሆነዋል።

«ደረስሽ?» አላት በሹክሹክታ። «ዋናውን መንገድ ቱቦ እንቀብራለን ብለው ቆፍረውታል። ሹፌሩ በታች ዞሮ፣ እየተመላለሰ በዚያ በኩል አስገባን።» በአገጩ የአርፋጆቹን በር አሳያት። «ቢሮሽ ተቆልፏል፣ አንቺ የለሽም። ሰዓቱ ደረሰ። ምን ላድርግ፣ አስጀመርኳቸው።»

«እኔ ልነግርሽ ስል አይደል እንዴ የጮኽሽብኝ» አለ ግንበኛው ከኋላ። «ጆሮዬን ብለጥፍበት እንኳ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ልልሽ ነበር። ያወቅሽ መስሎኝ ነው እንጂ!»

 ደወል በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እፎይ አለች፤ ከዚያ እፎይታው እንባ ሆነባት፣ እንባው ሳቅ ሆነባት። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ራሷ ባዘዘችው ግድግዳ፣ ራሷ ባስተማረችው ሹክሹክታ፣ ራሷ በር ላይ በተከለቻቸው ሽማግሌ ተታልላ፣ ሙሉ ትምህርት ቤት ከጀርባዋ ተቀምጦ ልቅሶ ልትቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝነት በታሪክ አልተሰማም ብላ አሰበች፤ ሞኝነቱም ጣፈጣት።

ልጇ መጣችና አጠገቧ በርከክ አለች። ጨርቁን አጣጥፋ ይዛዋለች። የሆነ ነገር አለቻት።

«ምን አልሽ?» አለች ደወል።

ልጅቷ ደገመችው፤ ያው ሹክሹክታ ነው። ደወል ሰምታታለች። የት ነበርሽ ነው የምትላት፤ ስንፈልግሽ ነበር። ሰምታ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«አልሰማሁሽም።»

«እማዬ!» አለች ልጅቷ እየተሹለከለከ በሚወጣ ድምፅ፣ ዓይኗ ደግሞ በልማድ ሸራውን ፍለጋ ዞረ። ሸራ አላገኘም። ያገኘው ግድግዳ ነው፤ ድርብ ግድግዳ፣ እስከ ቆርቆሮው የደረሰ።

«እዚህ የተኛ ሰው የለም፣ ልጄ» አለቻት ደወል። «የታመመ የለም። ማንንም አትቀሰቅሺም። ጮክ በይ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። መጀመሪያ የወጣው እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«የት ነበርሽ?!»

ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ዞረ። የሰው ድምፅ ሜዳውን አቋርጦ አጥሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ልጅቷ ራሷ ደንግጣ አፏን በጨርቁ ያዘች። አንዱ ከመሀል ሳቀ። በመዳፉ ውስጥ አልነበረም የሳቀው።

ደወል ተነሣች። በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ድሮ የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆመች። ደረቷን በአየር ሞላች። ለዓመታት ያልተነካ ድምፅ ነውና ይወጣ አይወጣ እሷም አላወቀችም።

«ዕረፍት!» አለች። ወጣ። ወጣና ዘበኛው ድረስ ሄደ። «ዕረፍት ነው! ሜዳው የእናንተ ነው! ምን ትጠብቃላችሁ? ጩኹ!»

መጀመሪያ አንዱ ጮኸ፤ ቀጥሎ አምስቱ፤ ቀጥሎ ማን ጮኸ ማን አልጮኸ የሚለይ ጠፋ። ለዓመታት በመዳፍ ታፍኖ የኖረ ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ኳስ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። ዘበኛው ሮጠው ጠርዙ ላይ ደረሱና፣ «በእኔ በር አላስገባሁም!» አሉ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሩ አሸዋው ላይ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደወል ልጇን በክንዷ ይዛ ከታች ቆማ ትመለከተዋለች። አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኗል።

«ሃሎ! አዎ፣ ደርሻለሁ!... ምን?... አልሰማም!... እኔ ነኝ የማልሰማው!» ቆም አለና አዳመጠ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ደወል ዞረ። «ገበያ መሀል ነህ እንዴ ይሉኛል።» ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። «ኧረ ትምህርት ቤት ነኝ! ትምህርት ቤት!... መኪኖቹን ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው። እዚህ ቦታ የለም። ሞልቷል አልኩ እኮ፣ ሞልቷል!»

ደወል አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። የልጇን ክንድ አጥብቃ ያዘች፤ ሹራቡ እንደገና አጥሯል።

«የፈራሽው ነገርስ?» አለቻት። «ክፍሉ?»

«ክፍሉን አላወቅኩትም» አለች ልጅቷ ጮክ ብላ፤ አሁን መጮኽ ጣፍጧታል። «ያንን ክፍል ስጠብቅ ሌላ ክፍል ነው ያገኘሁት። ያወቅኩት ሰሌዳውን ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፍሽ አለበት።»

ከዕረፍት በኋላ የመጀመሪያው ሒሳብ ነበር። ደወል ያንን ያልተሰበረ ሰሌዳ ባሰቀለችበት ክፍል ገባች፤ ማንም እንዳያጠፋው አስጠንቅቃ ነበር። ግማሹ የደረሰው እኩልዮሽ በቦታው አለ። ልጆቹ በልማድ ወንበር እየሳቡ ሊቀርቡ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው።

«እዚያው ሁኑ» አለች። «ከዚህ ትሰሙኛላችሁ። ባለፈው የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

በጣት ፈንታ በአፍ መለሱላት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ የተሳሳተውም ትክክለኛውም ተደባልቆ። ቀጥሎ ካለው ክፍል ግድግዳው ኳ ኳ ተደረገ። ፊዚክስ ነው፤ ድምፃችሁን ቀንሱ ማለቱ ነው። ግንበኛው በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ያን ሁሉ ሲሚንቶ በከንቱ!» አለና ራሱን ያዘ። ደወል ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጠመኔዋን አንሥታ፣ ድምፅዋን ከቅድሙ ይልቅ ከፍ አድርጋ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።